በአፍህ ስገድ

ወላይታ ሶዶ
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሶሲዬ፣ የቤታችን መብራት፣

ሰላምታውን ከማብዛቴ በፊት፣ ጠባይሽን ስለማውቅ መጨረሻውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ልጅ ሆነሽ ተረት ሳወራልሽ «መጨረሻውን ካልነገርከኝ አልሰማም» ትዪ ነበር። እንግዲህ ስሚኝ። እናትሽ በሕይወት አለች። ይህን ስጽፍ ጓሮ ወንበር አውጥታ ፀሐይ ትሞቃለች፤ በመስኮቱ አያታለሁ። ግን ታማለች። ሕመሟም በስልክ እንደነገርኩሽ የሐሞት ጠጠር አይደለም፤ ጉበቷ ላይ የወጣ ካንሰር ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ደውለሽ «እማዬስ?» ስትዪኝ «ተኝታለች» አልኩሽ። አልተኛችም ነበር። ጎኗን ይዛ ታቃስት ነበር፤ እንዳትሰሚያት ብዬ በረንዳ ወጥቼ ነው ያነጋገርኩሽ።

ውኃ ጠጪ፤ ትንሽ ተቀመጪ። ከዚያ ቀጥዪ።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ስልኩን ሳነሣ ግን አፌ ራሱን ችሎ «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺ ብቻ ፈተናሽን አስቢ» ይላል። ስለዚህ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ሳህሊቱ ገጾቹን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። አንዲት ቃል እንደማታነብ ምላልኛለች። ሳህሊቱ፣ እዚህ ድረስ ካነበብሽ በቃሽ፤ የቀረውን ለልጄ ተዪላት።

ሶሲ፣ ይህን እውነት ልጽፍልሽ የቻልኩት በራሴ ብርታት እንዳይመስልሽ። ከሃላሌ አንዲት ሴት ናቸው አፌን የከፈቱት። ነገሩን ካየሁ አምስተኛ ቀኔ ነው፤ እስካሁን ሰውነቴን አንዳች ነገር ይወርረዋል።

የአባትሽን ሥራ ታውቂያለሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበርኩ፤ ከወላይትኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ወላይትኛ። እጄን አንስቼ የምሰማውን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ልተረጉም ምያለሁ። አንዴ ከቦምቤ የመጣ ተከራካሪ ተናዶ ዳኛውን «የጅብ ልጅ» ብሎ ሲሰድባቸው፣ ቃሉን አጥርቼ ተረጎምኩላቸው። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው «ይህን ያለው እሱ ነው ወይስ አንተ?» ሲሉኝ ችሎቱ በሳቅ አለቀ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን ሳወራ እናትሽ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ሰልችቷታል። ኩራቴ ግን እሱ ነበር። የስንቱ ሰው ውሸት በአፌ ቢያልፍም፣ የራሴን አንድም አልጨመርኩበትም እያልኩ ደረቴን እነፋ ነበር።

ጡረታ ስወጣ የንስሐ አባታችን መምሬ ሰሎሞን ዘንድ ሄጄ ቀኖና ጠየቅኋቸው። ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ስጠብቅ ዱላዬን አዩ፣ ጉልበቴን አዩ፣ «ጉልበትህስ አይታዘዝህም፤ አንተ በአፍህ ስገድ» አሉኝ። ግራ ሲገባኝ ጊዜ አብራሩልኝ። «ሆስፒታሉ ከገጠር በመጣ ሕመምተኛ ሞልቷል። ሐኪሙ አብዛኛው ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ እርስ በርስ አይግባቡም። ማክሰኞና ሐሙስ ሂድና በመሐላቸው ቁም።»

አንቺ ወደ ሕንድ ከሄድሽ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው። በየአልጋው እዞራለሁ፤ «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» እያልኩ የሰውን ሕመም ወደ አማርኛ አሻግራለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል። ነርሶቹ «አስተርጓሚው አባባ» ይሉኛል፤ ሰው ጡረታ ወጥቶም እንዲህ ሲፈለግ ትንሽ ይኮራል።

ጥር ላይ አዬ ፈጠነች የሚባሉ እናት ከሃላሌ መጡ። አዬ የምለው እንደ አገሩ ወግ ነው፤ እናቴ ማለት ነው። ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸው የጸዳ፣ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ሴት ናቸው። ነርሷ እንዳየቻቸው እኔን አስጠራች። ምራታቸው አገርነሽ መድኃኒት ልትገዛ ስለወጣች ክፍሉ ውስጥ እሳቸው፣ ወጣቱ ዶክተርና እኔ ብቻ ነበርን።

ዶክተሩ ጥሩ ልጅ ነው፤ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «በሽታው ሆዳቸው ውስጥ ተሰራጭቷል» አለኝ። «ቀዶ ጥገና አይጠቅማቸውም። ማስታገሻ እንሰጣቸዋለን። ምናልባት መስቀልን ላያዩ ይችላሉ። እባክዎ በግልጽ ይንገሯቸው፤ ማወቅ መብታቸው ነው።»

አፌን ከፈትኩ። አዬ ፈጠነች ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም። ያን ሁሉ ዓመት የሞት ፍርድ እንኳ ሳይቀር የተረጎመ ምላስ ደረቀብኝ። በወላይትኛ «ጨጓራ ነው አዬ፤ በዚህ መድኃኒት ቀስ እያለ ይለቅዎታል» አልኳቸው።

እንዲህ ያለውን ውሸት እኛ ውሸት አንለውም። ሰው ሞቶበት እንኳ «ትንሽ አሟቸው ነው» እያልን አይደል ከሩቅ አገር የምናስመጣው? ርኅራኄ እንለዋለን። እኔም ያን ቀን ርኅሩኅ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ተባረክ ልጄ። ወደ ቤቴ መሄድ እችል እንደሆነ ጠይቅልኝ» አሉ። ዶክተሩ በእርጋታቸው ተደንቆ «ምን ዓይነት ጠንካራ እናት ናቸው!» አለ። እኔ ጎንበስ ብዬ ወጣሁ።

የካቲት 13 ቀን እናትሽን ይዤ የሄድኩት ወደዚሁ ዶክተር ነበር። ዓይኗ ቢጫ መምሰል ከጀመረ ሰንብቶ ነበር። ምርመራው ካለቀ በኋላ ዶክተሩ እኔን ብቻ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። ጉበቷ ላይ እንደሆነ፣ እንደተስፋፋ፣ አዲስ አበባ ብትሄድም ሕመሙን ማስታገስ እንጂ መንቀል እንደማይቻል ነገረኝ። ስንት ጊዜ ቢባል፣ ወራት። ከዚያ ምን አለኝ መሰለሽ? «እኔ ልንገራቸው ነበር፤ ግን ከእርስዎ ቢሰሙት ይሻላል። እንዴት እንደሚነገር የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ያቺን የሃላሌዋን እናት እንዴት ረጋ አድርገው እንደነገሯቸው ረስቼው አላውቅም።»

ሶሲ፣ በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ። እንደዚያ ምስጋና ያዋረደኝ ስድብ ግን የለም።

እናትሽ በር ላይ ቆማ «ምን አለህ?» አለችኝ። «የሐሞት ጠጠር ነው» አልኳት። «እሰይ፣ ክፉ ነገር መስሎኝ ነበር» ብላ በባጃጅ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ ፋሲካ ዶሮ አወራችኝ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍም ምግብም እምቢ አለኝ። መምሬ ሰሎሞን ዘንድ ሄጄ ሁለቱንም ተናዘዝኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡኝም። «ያጣመምከውን ከመጀመሪያው ጀምረህ አቅና። በመጀመሪያ ሃላሌ፣ ከዚያ ቤትህ» ብቻ አሉኝ።

ሐሙስ ጠዋት ለእናትሽ «አንዲት ሕመምተኛ ልጠይቅ ነው» ብያት ተነሣሁ። ይህ እንኳ እውነት ነበር። ሚኒባሱ ቁልቁል ወደ ቆላው እየወረደ እኔ የምናገረውን እለማመድ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጤናዬን ተጠራጥሮ ወደ መስኮቱ ፈቀቅ አለ። ሃላሌ ስደርስ ከዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ቤቱን ስጠይቅ «ሴቶች የተሰበሰቡበት» ብለው ጠቆሙኝ። የዘገየሁ መሰለኝ።

ለቅሶ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች ናቸው፤ ዶማና መቆፈሪያ ይዘው ከቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። አዬ ፈጠነች ከጥር ወዲህ እጅግ ከስተው፣ አቮካዶ ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው በቀጭን ዱላ ያዝዛሉ። «እዚያ አይደለም፣ ፈቀቅ አድርጊው። ነገ ሲሰፋ መተንፈሻ ያጣል።» የሚተክሉት እንሰት ነው። ጣት የሚያክል ችግኝ። አንቺም ታውቂያለሽ፣ እንሰት ዛሬ ተተክሎ ነገ አይበላም። ስድስት ዓመት፣ ሰባት ዓመት ይፈልጋል።

እግሬ እዚያው ተተከለ። ሶሲ፣ እኒህ ሴት ውሸቴን አምነው ነው የሚተክሉት ብዬ አሰብኩ። ይለቅዎታል ስላልኳቸው ከሰባት ዓመት በኋላ ፍቀው ሊበሉ አስበዋል። እያንዳንዷ ችግኝ የእኔ ውሸት ሆና ታየችኝ።

አዩኝና ፊታቸው በራ። «አስተርጓሚዬ መጣ!» ብለው ወንበር አስመጡልኝ። ለአገርነሽ በወላይትኛ «ጎደሬ አምጪለት። ዳጣውን ቅቤ እንዳታስነኪው፤ ጾማቸው ነው» አሏት። ሲመጣልኝ እውነትም ቅቤ አልነካውም። እኒህ ፕሮቴስታንት እናት የዐቢይ ጾምን ወግ ከየት አወቁት ብዬ በልቤ ተገረምኩ፤ ግን አፌ በሌላ ነገር ተይዞ ነበር።

መብላት አልቻልኩም። ወንበሬን አስጠጋሁና በወላይትኛ «አዬ፣ ያኔ ሆስፒታል ዶክተሩ ያለውን በትክክል አልነገርኩዎትም» ብዬ ጀመርኩ። ተንተባተብኩ። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ በአማርኛ መለሱልኝ።

በአማርኛ ነው የምልሽ። የጥንት የጓዳ አማርኛ፣ አያቴን የሰማሁ እስኪመስለኝ፤ አልፎ አልፎ ብቻ እኔን «አንቺ» እያሉ።

«ዶክተሩ መስቀልን ላያዩ ይችላሉ ነው ያለው። ሰምቼዋለሁ።»

ዱላዬ ከእጄ ወደቀ።

«ልጅ ሆኜ ሶዶ በአንድ ሹም ቤት አሥራ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ። ጾማችሁን፣ ፍስካችሁን፣ አማርኛችሁን እዚያ ተማርኩ። ሆስፒታል ስሄድ ነርሷ ልብሴን አየችና አስተርጓሚ ጥሩልኝ አለች። አማርኛ ትችያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም ዝም አልኩ። አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ሊመጣልኝ ነው፤ ለምን አባርራለሁ?»

«ታዲያ ስዋሽዎት…»

«ስትዋሺ መሬት መሬት ታዪ ነበር። ይህ ሰው መሸከም አልቻለም፣ ልቡ ደግ ነው፣ እኔ ልሸከመው አልኩ። ለእኔ ብለህ ዋሸህ፤ ለአንተ ብዬ ዝም አልኩ።» ትንሽ ተነፈሱ፤ ሕመሙ ወጋቸው መሰለኝ። «ግን ልክ አልሠራሁም፣ ልጄ። እንደሰማሁ ብነግርህ ይህን ሁሉ ጊዜ ባልከበደህ። እንድትመጣ ስጸልይ ነበር። ይቅር በለኝ።»

እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ከሶዶ ወርጄ፣ እሳቸው ይቅር በለኝ አሉኝ። እኔ የዋሸሁባቸው፣ የሞት ቀናቸውን የደበቅኩባቸው፣ ይቅር በለኝ አሉኝ! ምን ልበልሽ። ስድሳ ስምንት ዓመት ቅዳሴ ስቆም ኖሬአለሁ፤ እግዚአብሔርን መፍራት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ግን እዚያ አቮካዶ ዛፍ ሥር ነው። ጉልበቴ ምንም ሳያመኝ መሬት ላይ ታጥፎ አገኘሁት። መነሣቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነበር፤ ሁለት ሴቶች ዶማቸውን ጥለው በብብቴ ገብተው አነሡኝ፣ አገርነሽም ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ለካ ሁሉም ያውቃሉ። ከሆስፒታል በተመለሱበት ዕለት ራሳቸው ሰብስበው ነግረዋቸዋል። ሃላሌ ሁሉ የሚያውቀውን የማላውቀው አስተርጓሚው ብቻ ነበርኩ።

«ታዲያ ይህ እንሰት ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ለአገርነሽ፣ ለልጆቿ፣ ርቦት ለሚያልፍ ሰው። እኔም አማቴ የተከለችውን ነው በልቼ የኖርኩት።» ከዚያ ዱላቸውን ወደ ችግኞቹ ዘረጉ። «አየህ፣ አንተን አምኜ ቢሆን ኖሮ ኪኒኔን እየዋጥኩ መዳንን እጠብቅ ነበር። ዶክተሩን ስለሰማሁ ተነሣሁ። በነገር ከተለያየሁት ጎረቤቴ ጋር ታረቅሁ። ይህን ተከልኩ። ቀኑ ትንሽ ነው፤ ግን አምላኬ ጦሳ የሰጠኝ የራሴ ቀን ነው። የሰው ቀን አይወሰድም፣ ልጄ።»

ስለ እናትሽ አንዲት ቃል አልነገርኳቸውም ነበር። ያ ቃል ግን ቀጥ ብሎ ቤቴ ገባ። ከየካቲት 13 ጀምሮ የእናትሽን፣ የሐመልማልን፣ ቀን እየወሰድኩ ነበር። የአንቺንም ጭምር፣ ሶሲ።

እዚያው አድሬ ዓርብ ተመለስኩ። ስሸኝ አንድ የእንሰት ችግኝ በኮባ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ እንደ ሕፃን ታቅፌው ሶዶ ገባሁ። ዓርብ ማታ ደክሞኛል ብዬ ተኛሁ። ደክሞኝ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እናትሽ ጓሮ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩና ነገርኳት። ዶክተሩ እንዳለው፣ በቃሉ። እጇ አላቆመም። አንዲት ጠጠር አውጥታ ጣለች፣ ሌላም ጣለች።

«መቼ ነው የነገረህ?»

«የካቲት 13።»

በጣቷ ቆጠረች። «ሃያ ሦስት ቀን» አለች። «ሃያ ሦስት ቀን ወሰድክብኝ።»

ሰበብ አልፈለግሁም። «አዎ» አልኳት።

ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ችግኙን እየቆፈርኩ ስተክል ከሩቅ ታየኛለች። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መጥታ ቆመችና «ጠልቋል፤ ትንሽ ከፍ አድርገው» አለች። ከፍ አደረግሁት። «ሶሲስ ታውቃለች?» አለችኝ። «አታውቅም፤ ፈተናዋን እስክትጨርስ ብዬ ነው» አልኳት። ያኔ ነው የተቆጣችው። «ልጄን በድንኳን ልትቀበላት ነው? ጻፍላት! እንደ ፍርድ ቤቱ አድርገህ ጻፍ!» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አቅፌያት ሁለታችንም አለቀስን። ስትረጋጋ «በል ሻይ አፍላልኝ» አለች። ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬያት ኖሬ ይቅርታዋን አውቀዋለሁ፤ በሻይ ነው የሚመጣው።

ትናንት መጻጉዕ ነበር። እናትሽን ደግፌ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ያ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛ በሽተኛ ሰው የለኝም ያለበት ወንጌል ሲነበብ፣ አዬ ፈጠነችን አሰብኩ፤ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ፈልገው ነው በገዛ አፋቸው ዝም ያሉት። ለካ እኔ የምሄድበት ሁሉ ቃል ለማሻገር ብቻ አልነበረም። እናትሽ ታሪኩን ከሰማች ጀምሮ «ከሆሣዕና በፊት ሃላሌ ውሰደኝ፤ እኒያን ሴት በዓይኔ ልያቸው» እያለች ነው፤ እወስዳታለሁ። ዶክተሩም ዘንድ ነገ ማክሰኞ ሄጄ ያ ምስጋና የእኔ እንዳልነበረ እነግረዋለሁ።

ልጄ፣ በሰው አገር የሚጠብቅሽ አምላክ አይለይሽ። የሚያነሣሽን ሰው አይንሳሽ፤ አንቺም ለሌላው ሰው ሁኚ። ያወቅሽውን እውነት የምትሸከሚበት ትከሻ ይስጥሽ።

አሁን እናትሽ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። «የእኔን ቃል ጻፍ» ብላኛለች። እነሆ ቃሏ፦

«ሶሲዬ፣ ደህና ናት ብለህ ጻፍ ብዬው ነበር፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠብኝ። ስለዚህ እውነቱን ስሚ። ፈርቻለሁ። ጠዋት ጠዋት እበረታለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እፈራለሁ። ፈተናሽን ተዪው አልልሽም፣ ጨርሺውም አልልሽም፤ አንቺ ታውቂያለሽ። አባትሽ የተከለውን እንሰት እኔ ነኝ የማጠጣው፤ አንድ አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ነይልኝ። ሳትመጪ ቀኔ እንዳያልቅ እፈራለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ከዚህ ቃል ላይ አልጨመርኩም፤ አልቀነስኩም።

አባትሽ፣ አስተርጓሚው
ቢያድግልኝ